ከደጃፍ የቆመ መኪና

በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ ሌሊት፣ በመተማ ዮሐንስ ከተማ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ምጥ ያዛት። ሃምሳ አለቃው በዚያች ሌሊት ከቤቱ አልነበረም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የጥበቃ ቦታ ተረኛ ነበር። ጎረቤቶች ተጠርተው መጡ፤ ባጃጅ ተፈልጎ ተገኘ፤ ነጠላና አንሶላ ተሰናዳ። ትልቁ የቆርቆሮ በር ሲከፈት ግን ከበሩ ውጭ ሌላ ግድግዳ ተገትሮ ተገኘ። ሰሊጥ የጫነ መኪና ከነተሳቢው የበሩን ወርድ ሙሉ ዘግቶ ቆሞ ነበር። በበሩና በተሳቢው መካከል የቀረው ክፍተት አንድ ቀጭን ሰው ጎኑን ሰጥቶ የሚሾልክበት ያህል ብቻ ነው። ምጥ ለያዛት ሴት የሚሆን መንገድ አልነበረም።

ጎረቤቶች የመኪናውን በር ደበደቡ፤ ከውስጥ የመለሰ የለም። ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ሸራ ተከናንቦ ተኝቶ ኖሮ በጩኸቱ ነቃ፤ ቁልፉ ግን ከሹፌሩ ጋር ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ የት እንዳደረ ረዳቱ አያውቅም። በመጨረሻ አንድ የሰፈሩ ጎረምሳ መዶሻ አምጥቶ የጓሮውን አጥር ሁለት ቆርቆሮ ገነጠለ። ሴትዮዋን በአንገረብ ላይ አስተኝተው፣ በጎረቤት ጓሮ አሻግረው፣ ባጃጁ ዞሮ ከሚጠብቅበት የኋላ መንገድ አደረሷት። ከጤና ጣቢያ በደረሰች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ወሬው ጎሕ ሲቀድ የደረሰው ሃምሳ አለቃ ፈቃድ ተቀብሎ ሲመጣ መኪናው ከቆመበት አልተነቃነቀም። ራሱ እንደ ነገረኝ፣ ከሚስቱና ከልጁ በፊት ያየው ጎማውን ነበር፤ ሳንጃውንም መዘዘ። የፊቱን ጎማ ሊወጋ እጁን ባነሣበት ቅጽበት አንዲት አሮጊት ጎረቤት ከበራቸው ላይ ሆነው፣ «ልጄ፣ ጎማው የትም አይሄድብህም፤ አራስህን ሂድና እይ» አሉት። ሳንጃውን ወደ ሰገባው መልሶ ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ቢሮዬ መጥቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «መቶ አለቃ፣ ወግቼው ቢሆን ኖሮ ሕጉ የሚቀጣው እኔን ነበር ወይስ እሱን?» መልሱን አላውቅም ነበር። በጦር አካዳሚ ስለ ዲሲፕሊን ደንብ፣ ስለ ጄኔቫ ስምምነቶችም ሳይቀር ተምረናል፤ ከሰው በር ላይ ስለቆመ ተሳቢ ግን ያስተማረን አልነበረም። ስለዚህ የሕግ መጻሕፍቱን ይዤ ተቀመጥሁ። ያገኘሁት ለሃምሳ አለቃውና ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በከተማው ውስጥ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር የሠራዊት ቤተሰብ ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ስለታየኝ በዚህ የቤተሰብ ዓምድ አቀርበዋለሁ። በተለይ ለእናንተ ለእኅቶቼ ነው፤ ባሎቻችሁ በግዳጅ ላይ ሳሉ ሌሊት በሩን የምትከፍቱት እናንተ ናችሁና።

የደጃፉ ባለቤት ማነው?

አብዛኞቻችን ከበራችን ፊት ያለውን መሬት የራሳችን አድርገን እንቆጥራለን። ጠዋት እንጠርገዋለን፤ አቧራው እንዳይነሣ ውሃ እንረጭበታለን፤ ሙቀቱ በረድ ሲል በርጩማ አውጥተን እንቀመጥበታለን። ሕጉ ግን በዚህ በኩል አይደግፈንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1446 መንገዶችንና ጎዳናዎችን ከሕዝብ አገልግሎት ንብረቶች ይመድባቸዋል። ስንት ዓመት ብንጠርገው መንገዱ የእኛ አይሆንም። እንግዲያስ መኪና እንዳይቆምብን ብለን ከደጃፋችን ውጭ ድንጋይ መደርደር፣ በርሜል መትከል፣ አሮጌ ጎማ በሲሚንቶ ሞልቶ ማቆም የሕዝቡን መንገድ መንጠቅ ነው። በዚህ ጥፋት ውስጥ ከእኛ ብዙዎቻችን አለንበት።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ጣልቃ ላስገባ። ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ ዋና ከተማውን ነነዌን ሲያስፋፋ ሰፊ የንጉሥ ጎዳና አስጠርጎ ነበር። ከዚያም በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ቤቱን አስፋፍቶ ወደ ጎዳናው የሚያስገባ ሰው በገዛ ቤቱ ላይ በእንጨት እንደሚሰቀል አስታወቀ። የእኛ ሕግ ምሕረት ያውቃል፤ ከበሩ ፊት ድንጋይ የደረደረውን ሰው ድንጋዩን አንሣ ብሎ ይተወዋል።

ሆኖም መንገዱ የእኔ አይደለም ማለት መውጫው የእኔ አይደለም ማለት አይደለም። መንገዱ የሕዝብ የሆነው እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ወጥቶ እንዲሄድበት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ይዞታውን የተነጠቀ ወይም በይዞታው ላይ ሁከት የተነሣበት ሰው፣ ሁከቱ እንዲወገድለትና ለደረሰበት ጉዳት ካሣ እንዲከፈለው ለመጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በፍርድ ቤት አካባቢ «ሁከት ይወገድልኝ» እየተባለ የሚጠራው ክስ ይህ ነው። ሁከት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ጩኸትና ድንጋይ ውርወራ ነው። በሕጉ ቋንቋ ግን አንድ ሰው በይዞታው በሰላም እንዳይገለገል የሚያደርግ ነገር ሁሉ ሁከት ነው፤ አንድም ድምፅ ሳያሰማ የቆመ ተሳቢም ቢሆን።

ከዚህ ድንጋጌ ውስጥ ለእኛ ሁለት ቁም ነገሮች ይጠቅሙናል። አንደኛው፣ ክሱን ለማቅረብ የቤቱ ባለቤት መሆን ግድ አይደለም፤ ቤቱን በእጁ አድርጎ የሚኖርበት ሰው፣ ተከራይም ቢሆን፣ ሊጠይቅ ይችላል። «የሰው ቤት ነው የምንኖረው፤ እኛ ምን አግብቶን» የሚሉ ባለትዳሮችን ሰምቻለሁ፤ ያገባችኋል። ሁለተኛው፣ ክሱ ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። አንድ ሌሊት አድሮ ማለዳ ለሚሄድ መኪና ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው አይኖርም። ነገር ግን በየዓመቱ ሰሊጥ በደረሰ ቁጥር የእናንተን በር የጭነት ማራገፊያ የሚያደርግ ነጋዴ ጎረቤት ካለ፣ ድንጋጌው የተጻፈው ለእንዲህ ያለው ነው።

በዚያው ሕግ ሌላም ቁጥር አለ፤ 2040። ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሌላውን ሰው ነጻነት የነካ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ሊሄድ ከሚገባው እንዳይሄድ ያደረገው ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። በር የዘጋ መኪና በዚህ ቁጥር ሥር ይወድቃል አይወድቅም ብሎ ጠበቆች ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ጤነኛ ሰው በእግሩ ሾልኮ ይወጣልና። በዚያች ሌሊት አንገረብ ላይ ለተኛችው ሴት ግን ክርክሩ ያለቀ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መንገዱ ሕግ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና ከተማ የተደረገው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአንቀጽ 23 መኪና ማቆም ከተከለከለባቸው ቦታዎች መካከል ተሽከርካሪ ወደ ንብረት ከሚገባበት በር ፊት ያለውን ሥፍራ በግልጽ ያስቀምጣል። በሥርዓት የቆመ ሌላ መኪና እንዳይወጣ አድርጎ ማቆምንም እንዲሁ ይከለክላል። ስምምነቱ በሁለት ነገሮች መካከልም ልዩነት ያደርጋል። ሰው ለማውረድና ለማሳፈር ወይም ዕቃ ለመጫንና ለማራገፍ ብቻ ለሚያስፈልገው ጊዜ ቀጥ ማለት አንድ ነገር ነው፤ መኪናውን አቁሞ መሄድ ሌላ ነገር ነው። ከበራችን ፊት ቆሞ እናቱን ከነጓዟ የሚያወርደውን ልጅ የምንቆጣ ሰዎች ይህን ልዩነት ብናስታውስ መልካም ነው።

በዚያን ጊዜ በአገራችን ስለ ተሽከርካሪ አቋቋም ይወስን የነበረው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሽሏል። አስፈጻሚው ትራፊክ ፖሊስ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሹፌሩን ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ በከተማ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሰሌዳውን ፈትቶ ይሄዳል። ከእንቅልፉ ተነሥቶ የሰሌዳውን ቦታ ባዶ ያገኘ ሹፌር ጠሪ ሳያስፈልገው በራሱ እግር ወደ ጣቢያ ይሮጣል። በሩን የዘጋውን መኪና ለማንቀሳቀስ ከሳንጃ ይልቅ አንዲት መፍቻ የምትበልጥበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ እንረዳለን።

ስለ ጎማውና ስለ ሳንጃው

ሃምሳ አለቃው ወደ ጠየቀኝ ጥያቄ ልመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1148 ይዞታውን ሊነጥቀው ወይም ሁከት ሊያነሣበት የሚመጣን ሰው በኃይል ለመመለስ ለባለይዞታው ይፈቅዳል። ይህን ያነበበ ወታደር ደስ ሊለው ይችላል። ከሥሩ ያለውን ግን አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሁኔታው ከሚያስገድደው ያለፈ የኃይል ሥራ መሥራት ክልክል ነው። ጎማ መውጋት በሩን ያስከፍታል ወይ? በ400 ኩንታል ላይ የተነፈሰ ጎማ ሲጨመር መኪናው ከቆመበት ለአንድ ቀን ሙሉ አይነሣም። በሩን ለማስከፈት ተብሎ በሩ ይቆለፋል። ስለዚህ ሥራው መከላከል መሆኑ ቀርቶ ቂም መወጣት ይሆናል፤ የሌላውን ንብረት አስቦ ማበላሸት ደግሞ በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ነው። በፍትሐ ብሔርም፣ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ቁጥር 2028 ያስገድዳል። ሃምሳ አለቃው ወግቶ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ከሳሽ የነበረው ቤተሰብ ጠዋት ተከሳሽ ይሆን ነበር፤ የሹፌሩም ጥፋት በጎማው ወሬ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ፤ ሳንጃው የማን ነው? የተሰጠው ለግዳጅ ነው። መሣሪያ ይዞ፣ የደንብ ልብስ ለብሶ «አንሣ» ያለ ሰው መኪናው ይነሣለታል፤ በዚያች ደቂቃ ግን ሹፌሩ የሚያየው ባለቤቱ ያማጠችን አባወራ ሳይሆን ሠራዊቱን ነው። ታሪኩንም በየሻይ ቤቱ ይዞት ይዞራል። በድንበር ከተማ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ድረስ ይዞት ይሻገራል።

ታዲያ ሕይወት በአደጋ ላይ ሲሆንስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 75፣ የራስን ወይም የሌላን ሰው መብት ከደረሰና ከባድ ከሆነ አደጋ ለማዳን የተፈጸመ ድርጊት፣ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል ሆኖ ሲገኝ እንደማያስቀጣ ይናገራል። ሌላ መንገድ ካለ ግን ሌላው መንገድ ይቀድማል። አንዳንድ ወጣቶች፣ «መስተዋቱን ሰብረን፣ የእጅ ፍሬኑን ለቅቀን ገፍተን ባነሣነው ኖሮ» ሲሉ ሰምቻለሁ። የመኪና ክፍል ባልደረቦቻችን እንደሚነግሯችሁ የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ይሠራል፤ አየሩ ሲጎድል የኋላውን ጎማ በሞላ ኃይል ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ሞተሩ ሠርቶ አየር ካልሞላ በስተቀር መቶ ሰው ቢገፋው አይሄድም። መስተዋቱ በከንቱ ይሰበር ነበር፤ ጊዜውም ያልፍ ነበር። መዶሻውን ይዞ ወደ ጓሮ የሮጠው ጎረምሳ የሕግ ቁጥር አያውቅም፤ ሥራው ግን በሕጉም በሜካኒኩም ዓይን ትክክል ነበር።

እኅቶቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ በቅድሚያ የመኪናውን መስተዋት ተመልከቱ። ሥራቸውን የሚያውቁ ሹፌሮች ስልካቸውን በወረቀት ጽፈው ከመሪው ፊት ያስቀምጣሉ፤ ይህች ቁራጭ ወረቀት ብዙ ጠብ ታስቀራለች። ስልክ ከሌለ የሰሌዳውን ቁጥር መዝግቡ፤ በሩንና መኪናውን አንድ ላይ በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። ሌሊት ብቻችሁን ከማታውቁት ሰው ጋር ለመጨቃጨቅ አትውጡ፤ ጎረቤት ጥሩ፤ ከዚያም ትራፊክ ፖሊስ። ነፍሰ ጡር፣ በሽተኛ ወይም አቅመ ደካማ ባለበት ቤት ደግሞ የጓሮ መውጫ አስቀድሞ ቢታሰብበት ይበጃል፤ ከጎረቤት ጋር መነጋገርና በቀላሉ የምትነሣ አንዲት ቆርቆሮ ማበጀት ወጪው ትንሽ ነው።

ሹፌሩ የነገረኝ

ሹፌሩን አገኘሁት። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ በወጣትነቱ በገዳሪፍ በኩል በረዳትነት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ወቅሼው ስጨርስ አልተቆጣም። «ሦስት ቀን ሰልፍ ላይ ነኝ» አለኝ። «የምቆምበት ቦታ የለም። ጨለማ ውስጥ ካቆምሁ ጆንያው ሌሊቱን ይቀደዳል። በዚያ መንገድ ላይ መብራት ያለው የዚያ ቤት በር ብቻ ነው፤ ሰው ያለበት፣ መብራት ያለበት ብዬ ነው ያቆምሁት።» መብራቱን ያሰቀለው ሃምሳ አለቃው ነው፤ እሱ በሌለበት ሌሊት ባለቤቱ እንዳትሰጋ ብሎ። ያው መብራት መኪናውን ጠራባት።

መተማን ለማያውቅ ሰው ይህ ሰበብ ሊመስል ይችላል። ከጥቅምት ጀምሮ ሰሊጥና ማሽላው ሲነሣ ከተማዋ ሌላ ትሆናለች። ሳሉጎች በየጥላው ሥር ያድራሉ፤ መኪኖች በዋናው መንገድ ዳርና ዳር ይደረደራሉ፤ ከመንገዱ ጫፍ ደረቁ ወንዝና ጠባቡ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ ገላባት ነው። ከዚያ በዶካ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ያህል ቢኬድ ገዳሪፍ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ ጥቁር አፈር የከበባት፣ በማሽላና በሰሊጥ ገበያ የታወቀች ከተማ። መከሩ በሁለቱም አገር በአንድ ወቅት ይደርሳል። ጭነት አንሺው ሁሉ በአንድ ሳምንት ከቤቱ ይወጣል፤ መቆሚያው ግን ከዓመት ዓመት ያው ነው። በዚህ ላይ ማዘጋጃ ቤትና ነጋዴው ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ ስላለ፣ ሁሉን ጥፋት በሹፌሩ ላይ መከመር ትክክል አይመስለኝም። ስልኩን ጽፎ ያለማስቀመጡ ግን የራሱ ጥፋት ነው፤ እሱም አልካደም።

ስለ ገዳሪፍ የነገረኝ ጨዋታ አለ። «እዚያ በሰው በር ላይ ስታቆም ባለቤቱ ሻይ ይዞ ይወጣል። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሻዩን ስትጨርስ እፍረት ይይዝህና መኪናህን ታነሣለህ።» ሁሉም እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ነገር ግን ሱዳናውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት የፍትሐ ብሔር ሕግ የተቀዳው ከእስልምና የሕግ ትምህርት ነው፤ በዚያ ትምህርት ውስጥ ደግሞ ጉዳት ማድረስም ጉዳትን በጉዳት መመለስም የለም የሚል የታወቀ መሠረተ ሐሳብ አለ። የመጀመሪያው ግማሽ ለሹፌሩ ነው፤ ሁለተኛው ለሃምሳ አለቃው ሳንጃ።

የመንገድ ሕግ ከነገር ሁሉ ይልቅ የድንበርን ምንነት የሚያሳይበት ጊዜ ነበረ። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. መኪኖቿን ከግራ ወደ ቀኝ ስታዛውር ሱዳን በግራ መንዳቷን ቀጠለች፤ የተዛወረችው ነሐሴ 7 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ከመተማ ወደ ገላባት የሚሻገር ሹፌር በአንዲት አጭር ድልድይ ላይ መሥመሩን መለወጥ ነበረበት። መሥመሩን ያልለወጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማንም ይገምታል። ዛሬ በሁለቱም ዳር መንጃው ቀኝ ነው።

ነገሩ በሽማግሌ አለቀ። ሹፌሩ ሁለት ቆርቆሮ ገዝቶ አጥሩን አሳደሰ፤ ለአራሷም የገንፎ ቅቤ ይዞ መጣ። ሃምሳ አለቃው ከቡናው በፊት ስለ ሳንጃው ነገረው፤ ሹፌሩም ጎማውን ለማየት ወደ ውጭ ዘወር ሲል ሁሉም ሳቁ።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ነገር ግን ስለ በር ማሰብ ከጀመርሁ በኋላ ዓይኔ በየደጃፉ ያርፍ ጀመርና አንድ ከሰዓት በኋላ የጦር ሰፈራችንን የውሃ ቦቴ አየሁ። ሻይ ከምትሸጥ አንዲት እናት በር ላይ ቆሟል፤ ሹፌሩ ውስጥ ገብቶ ሻይ እየጠጣ ነው። የሴትዮዋ ልጅ የአህያ ጋሪውን ይዞ ከውጭ ይጠብቃል። ለምን አነሣ አትሉትም ብዬ ጠየቅኋቸው። «የመንግሥት መኪና ነው ብዬ» አሉኝ። ስንት ጊዜ እንዲህ ይሆናል ስላቸው ወደ መሬት አዩና ዝም አሉ። እርግጥ የቪየናው ስምምነት የሚናገረው ተሽከርካሪ ስለሚገባበት በር ነው፤ የእኛ የሁከት ድንጋጌ ግን መኪና አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ለጋሪውም፣ ለአህያይቱም፣ ለእግረኛውም ያው ነው።

በሠራዊት ውስጥ መኪና እንዴት እንደሚቆም የማያውቅ ሹፌር የለም። አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ፣ የሌላውን መንገድ ሳይዘጋ፣ ሹፌሩ ከጥሪ ሳይርቅ ነው። ከጦር ሰፈሩ አጥር ውስጥ የሚጠበቅ ሥርዓት ከአጥሩ ውጭ የሚረሳበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም። ጉዳዩን ለመኪና ክፍሉ ኃላፊ ነገርሁ፤ ቦቴው ከዚያ ወዲህ ከሻይ ቤቱ አልፎ ባለው ባዶ ሥፍራ ይቆም ጀመር። ሹፌሩ ሻዩን አልተወም።

ከዚያች የኅዳር ሌሊት አምስት ወር ያህል በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ብዙዎች ወደ ገዳሪፍ ሸሹ፤ ትምህርት ቤቶች ሳይቀሩ መጠለያ ሆኑ። ሌሎች ደግሞ በገላባት አልፈው ድልድዩን በእግራቸው እየተሻገሩ ወደ መተማ ገቡ። ሻንጣ የሚጎትቱ ሽማግሎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ አገራቸው ከጠራቻቸው ኢትዮጵያውያን ጋር ተቀላቅለው መንገዱን ሞሉት። መኪናው፣ ሰዉ፣ ጓዙ መላ ቅጡ ጠፋ።

በግንቦት ወር አንድ ምሽት የሃምሳ አለቃው ባለቤት የስድስት ወር ልጇን ታቅፋ በሩን ስትከፍት ከበሩ ፊት ሚኒባስ ቆሞ አገኘች። ያ ሁሉ ነገር ከሆነ በኋላ ሃምሳ አለቃው በበሩ ላይ በቀይ ቀለም «መኪና አይቁም፤ ሰው ይወጣል» ብሎ በትልልቁ ጽፎ፣ ከሥሩ ስልኩን አክሎበት ነበር። ሚኒባሱ ከጽሑፉ ፊት ለፊት ነው የቆመው። ሹፌሩ፣ «ማዳም፣ መንገዱ ዝግ ነው፤ ሌሊቱን እንዴት ወደ ጎንደር እንውጣ» አለ። በውስጡ አንድ የካርቱም ቤተሰብ አለ፤ ሽማግሌ፣ ሁለት ሴቶች፣ አራት ልጆች። ትንሹ ልጅ ከወንበር ሥር ተኝቷል።

«ምን አደረግሽ?» አልኋት፣ በኋላ ታሪኩን ስትነግረኝ።

«በሩ እኮ ሁለት ክንፍ ነው» አለችኝ። «ሁለቱንም ከፈትሁና ግባ አልሁት።»

ሚኒባሱ ከግቢው ውስጥ አደረ፤ መንገዱም በሩም ነጻ ሆነ። ሴቶቹ ከቤት፣ ወንዶቹ በረንዳ ላይ በአንገረብ ተኙ። በማግስቱ ማለዳ ሊሄዱ ሲሉ ሽማግሌው ከበሩ ፊት ቆመው ቀዩን ጽሑፍ ሲመለከቱ ቆዩ። ሹፌሩ ተረጎመላቸው። የተረፈ ቀለም ካለ ብለው ጠየቁ፤ ነበረ። ከአማርኛው ሥር፣ ከስልኩ ቁጥር በላይ ባለው ባዶ ቦታ፣ ያንኑ ቃል በጥሩ የእጅ ጽሕፈት በዐረብኛ ጻፉበት። ከመተማ እስከ ተዛወርሁበት ቀን ድረስ በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር ሁለቱን ጽሑፎች አያቸው ነበር፤ የዐረብኛው ቀለም ከአማርኛው ትንሽ ደመቅ ይላል።